ድልድይ ሰጥታ ድንጋይ የወሰደች መርከብ

ሰው ሁሉ ጀርባው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የሚኖርበት አንድ አገር ነበር። አገሩ የት እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ካለ፣ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰው ሲያይ ከየት እንደመጣ ይጠይቀው፤ ምናልባት ይነግረው ይሆናል። እኛ የምናውቀው በአንድ ጥልቅ ሸለቆ ለሁለት የተከፈለ ደጋ እንደነበረ፣ አፈሩ ስስ፣ ነፋሱ ብዙ፣ ሕዝቡም እጅግ ጨዋ እንደነበረ ብቻ ነው።

በዚያ አገር ድንጋይ መሸከም ሕግ ነበር፤ ከጊዜ ብዛት ደግሞ ወግ ሆኗል። ልጅ ለሥራ ሲደርስ ዘመድ ተጠርቶ፣ ድግስ ተደግሶ፣ የመጀመሪያ ድንጋዩ በጠፍር ጀርባው ላይ ይታሰርለታል። ቋጠሮው የሚያርፈው በሁለቱ ትከሻዎች መሀል፣ የገዛ እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው። በየዓመቱ የጭማሪ በዓል የሚባል ቀን አለ፤ ሹሞች በየደጁ ዞረው በእያንዳንዱ ሸክም ላይ ጠጠር ያክላሉ፤ የተጨመረለትም ሰው እጅ ይነሳል። ሰው የሚተኛው በሆዱ ነው። ሰማይ የሚያየውም ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ውስጥ ነው። የአገሩ ሕግ ደግሞ አጭር ነው፦ ድንጋይ ከጀርባ ወርዶ መሬት አይንካ፤ ማንም የማንንም ቋጠሮ አይፍታ፤ የፈታ፣ የተፈታውን ሰው ድንጋይ በራሱ ላይ ደርቦ ይሸከም።

ምክንያቱ ከብዙ ዘመን በፊት የሆነ ነገር ነው። ያኔ ከባድ ዕቃ የሚመጣው በአየር መርከብ ነበር። እንደ ትልቅ ጎተራ የተነፋች መርከብ ከቆላ ተነስታ፣ ምሰሶውን፣ ወፍጮውን፣ የብረት በሩን ሆዷ ስር አንጠልጥላ በሸለቆው ላይ እየተንሳፈፈች ትመጣለች። ገመድ ያዦች የሚባሉ ቤተሰቦችም ከታች ሆነው ገመዷን ይይዛሉ። አንድ ቀን ንጉሡ የገዛ ሐውልታቸውን በነሐስ አሠርተው፣ በመርከቧ አስጭነው፣ እሳቸውም ከላይ ተቀምጠው መጡ። ሐውልቱ አደባባይ ወረደ፤ ከበሮ ተመታ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ወዲያው መርከቧ ከወስፈንጥር እንዳመለጠች ወደ ላይ ተተኮሰች። ንጉሡ እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር። ሕዝቡ ሰላምታ መስሎት እሱም እጁን እያወዛወዘ መለሰላቸው። መርከቧ ነጥብ አከለች፤ ነጥቧም ጠፋች።

ሹማምንቱ ተሰብስበው ፈረዱ። ገመድ ያዦች በስንፍና ገመድ ለቀቁ አሉ። ንጉሡን የወሰደው ቅለት ነው፤ ከእንግዲህ በዚህ አገር ቀላል ነገር አይኖርም አሉ። የአየር መርከብ ተከለከለ። ሰው ሁሉ እንዳይነሳ ድንጋይ ይሸከም፣ የገመድ ያዦች ዘር ደግሞ እጥፍ ይሸከም ተባለ። ንጉሡ ሞቱ አልተባለም፤ ላይ ናቸው። ዙፋኑ ባዶ ቢሆንም በስማቸው ይሾማል፣ ይሻራል፣ ይታወጃል። «ይህ ነገር ለምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ሹሙ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስርና «ከላይ ነው» ይላል። ጎብጦ የሚኖር ሰው ደግሞ ቀና ብሎ ላይ ማን እንዳለ አያጣራም።

አንጓች ከገመድ ያዦች ዘር ነበረች። እጥፍ ድንጋይዋን ተሸክማ፣ ባሏን ቀብራ፣ አንዲት ልጇን ሽታዬን አሳድጋ የዳረች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። በቤተሰቧ ውስጥ ማንም ያልገባው አንድ ልማድ ነበር። እነሱ ከሰው እጅ ከባድ ነገር የሚቀበሉት መጀመሪያ በቦታው ሌላ ነገር ካስያዙ በኋላ ነው። ልማዱን «ምትክ» ይሉታል። ጎረቤቷ ብርቄ ሙቀጫ ልታውሳት ስትመጣ አንጓች ሙቀጫውን ሳትነካ አንድ የማገዶ ጉማጅ እቅፏ ውስጥ ትወሽቅባታለች።

«ደግሞ ጀመረሽ!» ትላለች ብርቄ። «እኔ ሙቀጫ ላውስሽ መጣሁ እንጂ እንጨት ልለምንሽ መጣሁ?»

«ምትክ ነው፣ ያዢው።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ። እናቴም ታደርገው ነበር፣ አያቴም። ሳይተኩ ማንሳት እኛ ቤት ነውር ነው።»

«ምነው ነውራችሁ ገመድ መልቀቅ በሆነ ኖሮ!»

ብርቄ ይህን የምትለው ክፉ ሆና አይደለም፤ እንደ እንደምን አደርሽ ሁሉም ሰው የሚለው ነገር ነው። በጭማሪ በዓል ሹሞች «ለገመድ ያዦች ይጨመር የሚል?» ብለው ሲጠይቁ እጃቸውን ከሚያወጡት አንዷ ብርቄ ነበረች። ሁሉም ስለሚያወጣ የእጇ መነሳት ለራሷም አይታወቃትም። አንጓች ግን ከዚያ ሁሉ እጅ መሀል የብርቄን ለይታ ታውቀው ነበር። አመልካች ጣቷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ያም ሆኖ በማግስቱ ሙቀጫ ይዋዋሳሉ፣ ይሳሳቃሉ። በዚያ አገር ኑሮ እንዲህ ነበር።

የሸለቆውን ሁለት ወገን የሚያገናኝ አንድ የእንጨት ድልድይ ነበር። ባለፈው የጭማሪ በዓል ሊቀ ሸክም ጓንጉል አዲስ ሐሳብ አመጣ። ሊቀ ሸክም ማለት የአገሩ ሸክም ሁሉ አዛዥ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው ድንጋይ ጥጃ ያህላል። እሱን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ያፏጫል፤ ሕዝቡም «ጽናት ማለት ይህ ነው» እያለ ይደነቃል።

«ዘንድሮ ሕዝቡ በሙሉ ድልድዩ ላይ ይቁምና ክብደታችንን ላይ ያሉት ይዩልን» አለ ጓንጉል።

ሕዝቡ ከነድንጋዩ ቆመ። ድልድዩ አቃሰተ፣ ጎበጠ፣ መሀሉ ላይ ቀስ እያለ ይሰነጠቅ ጀመር። ግማሹ ሰው ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ሮጠ። እግዜር ይመስገን የተጎዳ አልነበረም፤ ግን ወደዚህ የሮጠ እዚህ፣ ወደዚያ የሮጠ እዚያ ቀረ። አንጓች ወዲህ ስትቀር ሽታዬ ከባሏ ከጌጡ ጋር ወዲያ ቀረች። አንድ ሽማግሌ ወዲህ ቀሩ፤ የቤታቸው ቁልፍ በሚስታቸው መቀነት ላይ እንደታሰረ ወዲያ ቀረ።

ድልድዩ ተከሰሰ። ስብርባሪው ችሎት ፊት ተቀምጦ ክሱ ተነበበለት፤ ጠበቃም ቆመለት። በቅለት ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ። ከዚያ ከባድ ድልድይ እንዲሠራ ለቆላ አንጥረኞች ታዘዘና አንጥረኞቹ አንድ ወጥ የብረት ድልድይ ሠሩ። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። ወደ ደጋው የሚያወጣው መንገድ ቀጭን ነው፤ ድልድዩን የሚሸከም ሰው ድንጋዩን ማውረድ አለበት፤ ድንጋይ ማውረድ ክልክል ነው። ሹሞቹ በዚህ ጉዳይ ስብሰባ ተቀመጡ፤ ስብሰባውን የሚያዘጋጅ ሌላ ስብሰባም አቋቋሙ። ድልድዩ በቆላው ገበያ መሀል ተጋድሞ ከረመ። ቆላዎቹ ልብስ አሰጡበት፤ ፍየሎች ቤታቸው አደረጉት፤ በርበሬ ሻጮችና ቅል ሻጮች በእሱ ምክንያት ተጣሉ።

ማዶ ደግሞ ሽታዬ ፀነሰች። በዚያ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ወገቧን የምትይዛት እናቷ ናት። አንጓች ከዚህ በቀር ከዓለም የምትፈልገው ነገር አልነበረም። በየማለዳው ገደሉ አፋፍ ላይ ትቆምና ትጣራለች።

«ሽታዬ!»

«አቤት እማ!»

«በላሽ?»

«በላሁ!»

«ምን በላሽ?»

«ሽምብራ!»

በሸለቆ ላይ የሚያልፍ ወሬ ምስጢር የለውምና ብርቄ ከጓሮዋ ሆና «ሽምብራ ሆዷን ይነፋታል፣ ተዪው በያት!» ብላ ትጮኻለች። ከማዶም አንዲት የማትታወቅ ሴት «ምን አገባሽ!» ብላ ትመልሳለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወራቱ ገፋ።

አንድ ማለዳ ከማዶ የተጣራው ጌጡ ነበር።

«እማማ አንጓች! ጀመራት!»

«ምን ጀመራት?»

«ምጥ ነዋ! ወገቤን እናቴ ካልያዘችኝ አልወልድም ብላለች! ምን ላድርግ?»

አንጓች ገደሉን አየችው። ወፍ ቢሆኑ ቅርብ ነው፤ ለሰው ግን መሻገሪያ የለውም። ልትቀመጥ ስትል መሬቱ ጠቆረ። ደመና አልነበረም። ዳርና ዳሩ የለየለት፣ ቅርጹ እንደ ትልቅ ዱባ የሆነ ጥላ መንደሩን እየሸፈነ መጣና አደባባዩ ላይ ቆመ።

ሊቀ ሸክም ጓንጉል ሹሞቹን አስከትሎ ደረሰ። መሬት መሬት እያዩ ጥላውን ከዳር እስከ ዳር ዞሩት።

«የማን ጥላ ነው?»

«ባለቤት አልተገኘለትም፣ ጌታዬ።»

«ድንጋይ ተሸክሟል?»

አንዱ ሹም ተንበርክኮ መሬቱን ዳሰሰ። «ምንም አልተሸከመም።»

«በዚህ አገር ሳይሸከም የሚጋደም የለም። ይጫንበት!»

ለእንግዳ ተብሎ የሚቀመጥ ድንጋይ ነበር፤ መሬት እንዳይነካ ሁለት ሰዎች ዘወትር በቃሬዛ ይዘውት ይቆማሉ። እነሱ ጥላውን ሊጭኑት ወደ መሀል ሲገቡ ጥላው ጀርባቸው ላይ ወጣ።

«ጌታዬ!» አለ አንደኛው፣ «እሱ ነው እኛ ላይ የተጫነው!»

ይህን ሲል ከላይ በጥሩንባ የሚናገር ድምፅ መጣ። «እናንተ ታች ያላችሁ! ድልድይ ያዘዘ ማነው?»

ሹሞቹ በአንድነት በግንባራቸው ተደፉ። «ንጉሡ! ንጉሡ ተመለሱ!»

«ኧረ ንጉሥ አይደለሁም! ካፒቴን ዘርጋው እባላለሁ፣ የቆላ ሰው ነኝ! ገበያችንን የዘጋውን ብረታችሁን ይዤላችሁ መጥቻለሁ!»

ሕዝቡ ወደ ኩሬው ተሯሯጠ። በቀረችው ጥቂት ውሃ ውስጥ አዩት። እንደ ግዙፍ ዓሣ የተነፋች፣ ሆዷ በቀይና በቢጫ ጨርቅ የተጣፈ መርከብ ነበረች፤ ከሥሯ የብረቱ ድልድይ ተንጠልጥሏል፤ ልብስ የተሰጣበት ገመድ እንኳ አልተፈታም። ቆላዎቹ ድልድዩ ሲሰለቻቸው የአያቶቻቸውን ሙያ ከተረሳበት አንስተው፣ መንደር ሙሉ ሲሰፋ ከርሞ መርከብ ሠርተው ነበር። አንጓች በውሃው ውስጥ መርከቧን ስታይ ልቧ ዘለለ። አያት ቅድመ አያቶቿ የተረገሙባት ነገር ይህን ያህል ታምራለች ብሎ የነገራት አልነበረም።

ጓንጉል ከኩሬው አጠገብ ቆሞ ውሃውን አናገረ። «ጌታው፣ በላይ በኩል ሲመጡ ንጉሡን አላገኟቸውም?»

«አንድ ጥንብ አንሳ አግኝቻለሁ። ንጉሥ አላየሁም።»

«የአየር መርከብ በዚህ አገር ክልክል ነው!»

«እሺ። ይዤው ልመለስ?»

«እማ!» የሚል ጩኸት ከማዶ መጣ። ከወዲህም ሽማግሌው «ቁልፌ!» አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ጓንጉል ከሹሞቹ ጋር ግንባር ለግንባር ገጥሞ ተማከረና ቀጥሎ እንዲህ አለ፦ «መርከቧ መሬት አልነካችም። መሬት ያልነካ ነገር ደግሞ እዚህ አገር እንዳለ አይቆጠርም። ድልድዩ ይውረድ።»

«ገመድ ያዥ አላችሁ?» አለ ካፒቴኑ።

 አራት ገመዶች ከላይ ተወርውረው ይወዛወዛሉ፤ የሚጠጋቸው የለም። የሁሉም ዓይን አንጓች ላይ አረፈ። እሷም ሄደች። ገመዱን ስትይዝ እጇ የት ላይ መጨበጥ እንዳለበት የሚያውቅ መሰለ። «ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች፤ «ሦስት ገመድ ቀርቷል!» ያኔ ሰዉ ተሻማ፤ ከማዶም ጌጡና ጎረቤቶቹ ገመድ ተወረወረላቸው። «ወደ ግራ! ትንሽ! አይ ያንተ ግራ!» ሲባል ቆይቶ ድልድዩ በሁለቱ አፋፎች ላይ ግም ብሎ ተቀመጠ።

እልልታው ቀለጠ። ጓንጉል እጁን አነሳ። «መንጠቆው ይፈታ! ከበሮ ይመታ!»

አንጓች ያለችውን ያለችው ከልማድ ብቻ ነው። ሙቀጫ ሲሰጧት እንደምትለው አለች። «ምትኩስ?»

ከላይ ጥሩንባው ጮኸ። «ማንም እንዳይነካው! ምትክ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች አንጓች ፈራ ተባ እያለች።

«ይህን ቃል ከየት አመጣሽው፣ እናቴ? የእኛ ተለማማጅ መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው፦ ሳትተካ አታውርድ። ይህን የሚያህል ብረት ከሆዷ ፈትታችሁ በቦታው ምንም ካልጫናችሁ እኔን ይዛ ሰማይ ነው የምትገባው። አገር ሙሉ ሰው ገመድ ቢይዝ አያስቀራትም።»

ከበሮ መቺው ዱላውን እንዳነሳ ቀረ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሰዎቹ ወደ አደባባዩ ዞሩ። የንጉሡ የነሐስ ሐውልት ያኔ በወረደበት ቦታ ቆሟል። በዚያ ቀን ምን እንደወረደ በአገሩ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በየቀኑ አጠገቡ ያልፋሉ። በምትኩ ምን እንደተጫነ ግን ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። አንጓች መዳፏን ዘርግታ አየችው። ከገመዱ የተነሳ ቀልቷል። የቅድመ አያቷ መዳፍ እስከ ዕለተ ሞቱ ጠባሳ ነበረው ይባላል፤ የሰነፍ ምልክት ነው እየተባለ ኖሯል።

ብርቄ ራሷን አቀርቅራ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

«ምን ልስጥህ ታዲያ?» አለች አንጓች ወደ ኩሬው ዘወር ብላ።

«የሚከብድ ማንኛውም ነገር! ውሃ ካላችሁ ውሃ!»

«በጋ ነው፤ ይህች ኩሬ ለከብቱም አልበቃች።»

«አፈር?»

ገበሬዎቹ ተቆጡ። «ስሷን አፈራችንን? ምን ላይ እንዝራ?»

«ሹሞቹን ጫናቸው!» አለች ብርቄ፤ አፍራም ምላሷ አያርፍም።

«እነሱን ብወስድ አልመልሳቸውም!»

«እሱማ ነው ደጉ!»

«እሺ ድንጋይ ስጡኛ! ደጋ ላይ ድንጋይ ይጠፋል? ፍጠኑ፤ ነፋሱ ከተነሳ ድልድዩን ነቅዬ ከመመለስ በቀር ምርጫ የለኝም!»

በዚያ አገር መሬት ላይ ልቅ ድንጋይ አይገኝም። ማሳው፣ ወንዙ ዳር፣ ገደሉ ግርጌ፣ ሁሉም ከዘመናት በፊት ተለቅሞ አልቋል። ድንጋዩ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ጠፍሩን ዳሰሰ። ከማዶ የሽታዬ ድምፅ መጣ። ቃል አልነበረውም፤ ጩኸት ብቻ ነው።

አንጓች ለብርቄ ጀርባዋን ሰጠቻት። «ብርቄ፣ ፍቺኝ።»

«አብደሻል? የፈታ ይደርብ ነው እኮ ሕጉ። ያውም ያንቺን እጥፉን!»

«አውቃለሁ።»

«ብትበሪስ?»

«ከበረርኩ ማዶ ነው የምወርደው።»

ብርቄ ግራና ቀኝ አየች። ሹሞቹ ያዩዋታል፤ ጎረቤቶቿ ያዩዋታል። ከዚያ አንጓች ጀርባዋ ላይ ጣቶች ሲያርፉ ተሰማት። ዞራ ማየት አትችልም፤ ግን አንደኛው ጣት ሻካራ ነበር። ቋጠሮው ከዓመታት ላብ የተነሳ እንደ ቀንድ ደርቋል። ብርቄ በጥርሷ ነከሰችው፤ ጎተተችው፤ አጉረመረመች፤ እንባዋም በአንጓች አንገት ላይ ወረደ። «ቋጠሮ ያጠበቁትን እጃቸውን ይቁረጠው!» ካለች በኋላ የገዛ ጣቷን አየች፤ በበዓል ቀን ካጠበቁት እጆች አንዱ የራሷ ነበርና።

ጠፍሩ ላላ። ሰዎች ከመርከቧ የወረደውን መረብ ከሥር ዘርግተው ድንጋዩን ከጀርባዋ በቀጥታ ተቀበሉት። መረቡ ወደ ላይ ተሳበ። መርከቧም ጥቂት፣ ጥቂት ብቻ፣ ዝቅ አለች።

«ጎሽ! ሌላ!» አለ ካፒቴኑ።

አንጓች ቆማ ቀረች። ብርቄ የአንጓችን ቀሚስ ጫፍ በሁለት እጇ አንቃ ይዛለች።

«እየተነሳሽ ነው? አንጓች! እየተነሳሽ ነው?»

«ቀና እያልኩ ነው» አለች አንጓች። ወገቧ ተንቋቋ። ካፒቴኑን ያለ ውሃ አየችው፤ አጭር፣ ጆሮው ትልልቅ፣ አፉን ከፍቶ የሚያያት ሰው ነው። ከእሱ በላይም አየች። «ብርቄ፣ ሰማዩ እኮ ኩሬው ውስጥ ካለው ይሰፋል።»

ብርቄ የቀሚሱን ጫፍ ለቀቀች። «በይ ዙሪና እኔን ፍቺኝ» አለች ከዚያ፤ «ያንቺን የምደርብ ከሆነ ቦታ ማስለቀቅ አለብኝ።»

አንጓች ብርቄን ፈታች። ብርቄ ሽማግሌውን ፈታች፤ ሽማግሌው ከፊታቸው ያለውን። ሰልፉ ረዘመ፤ የመጨረሻው ሰው ከፊቱ የሚፈታው ሰው ስላጣ ሰልፉ ተጠማዘዘና ክብ ሆነ፤ ክቡም መዞር ጀመረ። አንዱ ሲስቅ ሳቁ ሌላውን እየያዘ፣ የተፈቱት እንዳይበሩ እርስ በርስ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ከሩቅ ለሚያይ ዘፈን ያለ ይመስላል። ቆይቶም ዘፈኑ መጣ። ድንጋዩ ከወዲህም ከማዶም ከጀርባ ወደ መረብ፣ ከመረብ ወደ ላይ ይሄዳል።

«ጌታዬ፣ ምን እናድርግ?» አሉ ሹሞቹ።

«ድንጋዩ መሬት ነክቷል?» አለ ጓንጉል።

«አልነካም።»

«እንግዲያው የመጀመሪያው ሕግ አልተጣሰም።»

«ቋጠሮ የሚለውስ?»

«እሱን... እሱን ነገ እናየዋለን።»

«ትንሽ ቀረኝ!» አለ ካፒቴኑ። «የዚያ የትልቁ ሰውዬ ድንጋይ ብቻውን ይበቃል፤ እሱን አምጡት!»

«ይህ የመንግሥት ድንጋይ ነው!» አለ ጓንጉል ወደ ኋላ እያፈገፈገ። ክቡ ግን እየዞረ ደረሰበት፤ ከኋላውም የራሱ ጸሐፊ ቆሞ ነበርና ፈታው። ጥጃ የሚያህለው ድንጋይ መረብ ውስጥ ገባ። መረቡ በነፋስ ተወዛወዘ። መርከቧ ንቅንቅ አላለችም።

«ጫኑት እንጂ!»

«ተጭኗል!»

«የታለ?» ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በጣቱ ቢያንኳኳው ድም አለ። ጭቃው ረገፈ። ከሥሩ ትልቅ ቅል ነበር፤ በቆላ ገበያ ወተት የሚናጥበት ዓይነት።

መጀመሪያ የሳቀችው ብርቄ ናት። «እኔን ነው ጽናት ሲያስብሉኝ የኖሩት? ያፏጩ የነበረው ለካ...!» ሳቁ አገሩን አናወጠው፤ ከማዶ ያሉት ምን እንደሆነ ሳይሰሙ ሳቁ። ጓንጉል ቀና ሊል ሞከረ። አልቻለም። ለማስመሰል ሲጎብጥ ኖሮ ጉብጠቱ እውነት ሆኖበታል። ዓይኑ እንባ ሞላ። አንጓች አየችውና ሳቋን ዋጠች።

«ቀስ እያለ ይቃናል» አለችው ክንዱን ይዛ። «መጀመሪያ ላይ ያማል እንጂ።»

«ቀሪውን በምን ልሙላ?» ጮኸ ካፒቴኑ። «ነፋሱ ደርሷል!»

አንጓች ወደ አደባባዩ ጠቆመች። «ያኔ የወረደው ይጫን።»

ማንም አልተከራከረም። ድንጋይ ያልተሸከመ ሕዝብ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ያን ቀን ታወቀ፤ ሐውልቱን እንደ ሙሽራ አንስተው መረቡ ውስጥ አስገቡት። መርከቧ ከዚያ ዘመን ጀምራ ስትጠብቀው የኖረች ይመስል ዝቅ ብላ፣ ረግታ ቆመች።

«በቃኝ! ፍቱ!»

መንጠቆው ተፈታ። መርከቧ የትም አልተተኮሰችም። ሕዝቡ «ድንጋዩን ምን ታደርገዋለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ካፒቴኑ «ገበያችን ጭቃ ነው፣ መንገድ እናነጥፍበታለን!» ብሎ መለሰ፤ መርከቧም በሸለቆው ላይ ዝግ ብላ ሄደች። ሐውልቱ አንድ እጁን ዘርግቶ የተሠራ ነበር። ሕዝቡም እጁን አውለበለበለት፤ ይህኛው እውነተኛ ስንብት ነበር።

አንጓች ግን ይህን አላየችም። መንጠቆው ሲፈታ እሷ ድልድዩ መሀል ደርሳ ነበር። እንደምትበር መፍራቷን ራሱ ረስታ ትሮጥ ነበር፤ ባዶው ጠፍር ትከሻዋ ላይ እየተንጠለጠለ። ጌጡ በር ላይ ሲቀበላት ቀጥ ያለችውን ሴት አላወቃትም፤ «ማንን ፈልገው ነው፣ እትዬ?» አላት። ገፍታው ገባች። ከልጇ ኋላ ተቀመጠች፣ ወገቧን ያዘች።

«እማ» አለች ሽታዬ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ዘገየሽ።»

«ዕቃ ሳወርድ ነው።»

ሴት ልጅ ተወለደች። አዋላጇ ሕፃኗን በሽታዬ እቅፍ አደረገች። አንጓች ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ ሽታዬ ወደ ኋላ ሳብ አደረገቻትና በደከመ ፊቷ ፈገግ አለች። «ምትኩስ? ሳትተኪ ልትወስጂ ነው?»

አንጓች ራሷን ዳበሰች። ምንም ከባድ ነገር አልነበራትም። ጠፍሩን ከትከሻዋ አውልቃ በልጇ መዳፍ አኖረች።

«ይህ ክብደት የለውም እኮ፣ እማ።»

«የለውም» አለች አንጓች፤ ሕፃኗንም ተቀበለች።

ሕፃኗ አንገቷን ስታጠና ሽታዬ ጠፍሩን በቅቤ አልፍታ፣ ጠርዙን በዛጎል አስጊጣ አንቀልባ አደረገችው። አንጓች የልጅ ልጇን ድንጋዩ በነበረበት ቦታ አዝላ በአዲሱ ድልድይ ላይ ወዲህና ወዲያ ትል ጀመር። በዚያ መሀል የጭማሪ በዓል ደረሰ። ነገ ይታያል የተባለው ሕግ ገና አልታየም፤ ሹሞቹ ግን ሌላ ሥራ ስለማያውቁ ጠጠራቸውን ይዘው ወጡ። በየደጁ ዞሩ፤ የሚጨመርበት ጀርባ አጡ። ጓንጉል፣ አሁን በግማሽ የተቃናው፣ ድልድዩ ላይ አንጓችን አገኛትና ጀርባዋ ላይ ሸክም አይቶ ፊቱ በራ።

«እሜቴ፣ ይህ ሸክም አምና አልነበረም። ጭማሪ አለበት።»

«ይጨምራል፣ ጌታዬ» አለች አንጓች። «በየቀኑ ይጨምራል፤ እናንተ ባትደክሙም።»

ጓንጉል ሸክሙን በቅርብ ሊመረምር ጎንበስ አለ። ሸክሙ እግሩን ሰንዝሮ ባርኔጣውን ሸለቆ ውስጥ ጣለበት።